ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ መተንፈስ ኦክስጅን ያጠራቅማል? ለጎንደሩ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሹፌርነት ነው። የ17 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ለመጥለቅ ትንፋሽ የመያዝ ልምምድ ጀምሯል። ውሃ ከመግባቱ በፊት ሠላሳ ጊዜ ያህል በረጅሙና ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ‹ኦክስጅን አጠራቅሜ ነው የምገባው፤ በፊት 45 ሴኮንድ ነበር የምቆየው፣ አሁን አንድ ደቂቃ ተኩል ደርሻለሁ› ይለኛል። ከንፈሬን ይወረኛል፣ ትንሽ ያዞረኛል ከማለቱ በቀር ሌላ ችግር የለበትም። እኔ ደግሞ መተማ ሁለት ሳምንት ከርሜ ስመለስ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይተወኛል። ለመሆኑ አተነፋፈሳችንን የሚያዝዘው ምንድን ነው? እንቅልፍ ላይ ስንሆንስ ለምን አይቆምም?»

ምላሽ፦ ከልጅዎ ልጀምር፣ የእርስዎ ይደርሳል። ያ ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው ነገር ዛሬውኑ ይቁም። ጎበዝ ዋናተኞችን ሳይቀር ውሃ ውስጥ ምንም ሳይሰማቸው ራሳቸውን አስቶ የሚገድል ልማድ ነው። ከ45 ሴኮንድ ወደ 90 ያደረሰው የኦክስጅን ስንቅ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደወሉ መዘግየት ነው። ከንፈሩን መውረሩና ማዞሩም ደወሉ እንደተነካ የሚናገር ምልክት ነው። ይህን እንዲያምንዎት ግን ምክንያቱን ማስረዳት ስለሚኖርብዎ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት።

ሳንባ በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚስብበት ጡንቻ የለውም። የአንጥረኛን ወናፍ ያስቡ። ወናፉ አየር የሚስበው አንጥረኛው እጁን ሲያነሣ ሆዱ ስለሚሰፋ ነው። በእኛም ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የተባለ ጉልላት መሰል ጡንቻ ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። በዕረፍት ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በጥልቀት ስንስብ ደግሞ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ደረትን ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፍቱታል። ውስጡ ሲሰፋ ግፊቱ ከውጭው አየር በጥቂቱ ይቀንሳል፣ አየሩም ራሱ ይገባል። ተኝተው እጅዎን እምብርትዎ ላይ ቢያደርጉ ሲስቡ ሆድዎ ከፍ ሲል ያገኙታል፤ ድያፍራሙ ሲወርድ የሆድ ዕቃን ገፍቶ ነው። ማስወጣት ግን በዕረፍት ጊዜ ምንም ድካም የለውም፤ የተለጠጠው ሳንባ እንደ ላስቲክ ይመለሳል። ስንሮጥ፣ ስንስል ወይም ስንጮህ ብቻ የሆድ ጡንቻ ይገባበታል።

በአንድ ተራ ትንፋሽ የሚገባው አየር ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 500 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትሩ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በአየር ቧንቧዎች ውስጥ ቀርቶ ሥራ ሳይሠራ ይመለሳል። ደም ጋር የሚገናኘው የቀረው 350 ነው። በደቂቃ 12 ጊዜ ለሚተነፍስ ሰው 4.2 ሊትር ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያው ሰው 250 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሳበ በደቂቃ 24 ጊዜ ቢያለከልክ፣ የሚያስገባው አየር ድምሩ ያው 6 ሊትር ነው፤ ለደም የሚደርሰው ግን 2.4 ሊትር ብቻ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ እያለከለኩ መተንፈስ ሰውን የሚያደክመው ለዚህ ነው። የጎድን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሕመሙን ፈርቶ በአጭሩ ሲተነፍስ ኦክስጅኑ የሚወርደውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የልውውጡ ቦታ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች ናቸው። ግድግዳቸው ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ኦክስጅን ከዚያ ወደ ደም ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል። ይህንን አልፈን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንሂድ።

ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ግንድ ነው፤ ከማጅራት ከፍ ብሎ አንጎል ከሕብለ ሰረሰር ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ነርቭ ሴሎች የተሰበሰቡባት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ተለይታ የታወቀች ፕሪ-ቦትዚንገር የምትባል ጠባብ ቦታ አለች። እንደ ከበሮ መቺ ናት፤ ማንም ሳያዛት በየጥቂት ሴኮንዱ «ሳብ» የሚል ምት ትልካለች። ምቱ በሕብለ ሰረሰር ወርዶ፣ ከ3ኛው፣ ከ4ኛውና ከ5ኛው የአንገት ነርቭ ሥሮች በሚነሣው ፍሬኒክ ነርቭ በኩል ድያፍራም ይደርሳል። አንገቱ ከእነዚህ ሥሮች በላይ የተጎዳ ሰው ትንፋሹ ወዲያው የሚቆመው፣ ዝቅ ብሎ የተጎዳ ግን እጅ እግሩ ባይታዘዝለትም በድያፍራሙ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። ሹፌር ስለሆኑ እግረ መንገዴን ላንሣው፦ መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና ካጋጠመዎት፣ እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በቀር ተጎጂውን አንገቱን ሳይደግፉ ጎትተው አያውጡ።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛ መንገድ አለ። ከላይኛው የአንጎል ክፍል፣ ከምናስብበትና ከምንወስንበት የሚመጣ፣ በፈቃዳችን የምናዝበት ነው። ስናወራ፣ ስንዘምር፣ ውሃ ስንጠጣ፣ ትንፋሽ ስንይዝ የምንጠቀመው ይኸኛውን ነው። ማኅሌት ላይ የቆሙ የአቋቋም መምህራንን አንድ ጊዜ ልብ ብለው ይዩ። አየሩን በአፍታ ይስቡና ዜማውን እያወጡ ቀስ አድርገው ያፈሱታል፤ የሚስቡበት ጊዜ ከሚያወጡበት እጅግ ያጥራል። ይህ ሁሉ የላይኛው አንጎል ሥራ ነው። እንቅልፍ ሲወስደን የሚተኛው ግን ይህ የላይኛው ብቻ ነው። የአንጎል ግንዱ አይተኛም። ስለዚህ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ጥቂት ይለዝባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ነገር ግን አይቆምም። ሲወለዱ ጀምሮ ይህ ራስ-ሰር መንገድ የተበላሸባቸው በጣም ጥቂት ልጆች አሉ። ነቅተው ደህና ይተነፍሳሉ፤ ሲተኙ ግን በማሽን ካልታገዙ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። የሁለቱን መንገዶች መለያየት ከእነርሱ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከበሮ መቺውን ከሰው እጅ የሚያደክሙት ነገሮች ግን አሉ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ትራማዶል የተባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች እነዚህን ሴሎች ቀጥታ ያፍኗቸዋል፤ አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ሲጨመርባቸው ደግሞ ይብሳል። አንድ ሰው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች እየተነፈሰ፣ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ «ይተኛበት፣ ይለቀዋል» አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሌላው እርስዎን የሚመለከት ነው። በእንቅልፍ ላይ ትእዛዙ እየመጣ ጉሮሮ ላልቶ የሚዘጋባቸው ሰዎች አሉ። ባለቤትዎን ይጠይቁ፦ ያንኮራፋሉ? ማንኮራፋቱ መሃል ላይ ጸጥ ብሎ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ በድንጋጤ መሰል ትንፋሽ ይመለሳል? ቀን ቀንስ መሪ ላይ ያንጎላጅዎታል? ከሆነ መመርመር አለብዎ፤ ለረጅም መንገድ ሹፌር ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት ደርሰናል። ከበሮ መቺው ምቱን ሲያፈጥንና ሲያዘገይ የሚያየው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው «የኦክስጅንን ማነስ» ይላል፤ ልጅዎም እንዲያ ነው ያሰበው። ነገር ግን በተራው ኑሮ ሰውነታችን በዋናነት የሚከታተለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው። ይህንን ጆን ስኮት ሃልዴንና ጆን ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1905 አሳይተውታል። ጋዞቹን የምንለካው እንደ ደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በደም ወሳጅ ቧንቧ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 40 ገደማ ነው፤ ጎንደር ላይ ለሚኖር ሰው ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። ይህ ጋዝ ከደም ወደ አንጎል ፈሳሽ በቀላሉ ያልፍና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይሆናል። በአንጎል ግንድ ፊት ለፊት ያሉት ጠባቂ ሴሎች የሚቀምሱት ያንን አሲድ ነው። ትብነታቸው ያስገርማል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል በደቂቃ የምንተነፍሰው አየር ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጨምራል። በዕረፍት የምንተነፍሰው ጠቅላላው 6 ሊትር መሆኑን ያስታውሱ።

የኦክስጅን ጠባቂም አለ። መንጋጋዎ ማዕዘን ሥር የአንገትዎን ትርታ ይዳስሱ፤ ያ የደም ቧንቧ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ በግራም በቀኝም፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ካሮቲድ አካል የምትባል ሥጋ አለች። የቤልጅጉ ኮርኒል ሄይማንስ እነዚህ ጠባቂዎች ለአተነፋፈስ ያላቸውን ድርሻ በማሳየቱ የ1938ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ይህች ጠባቂ ትዕግሥተኛ ናት። የደሙ ኦክስጅን ከ100 ወደ 70 ሲወርድ እምብዛም አትጮህም፤ ድምፅዋን የምታሰማው ከ60 በታች ሲወርድ ነው። ያኔም ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ጩኸቷ ይታፈናል። ልጅዎን የሚያሰጋው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው።

ሠላሳ ጊዜ በረጅሙ ሲተነፍስ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። በጎንደር ከፍታ የጤነኛ ሰው ሂሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ 93፣ 95 በመቶው ኦክስጅን ይዟል። ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ወደ 98 ወይም 99 ሊያደርሰው ይችላል። በሰውነት ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ይህ ጭማሪ ቢበዛ 60 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ነው። ሳንባ ውስጥ ያለው አየር መታደሱ የሚጨምረውን ሌላ ጥቂት ስንቅ ብንደምርበት እንኳ፣ ጠንክሮ ለሚዋኝ ሰው 10 ሴኮንድ ያህል የሚያቆይ ነው። ዋናተኛ በደቂቃ ከ1 ሊትር በላይ ኦክስጅን ይጨርሳላ! በአንጻሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ40 ወደ 25፣ አንዳንዴም ወደ 20 ይወርዳል። «በቃኝ፣ መተንፈስ አለብኝ» የሚያሰኘው ስሜት የሚመጣው 50 አካባቢ ሲደርስ ነው። በተራ ሁኔታ ከ40 ወደ 50 ለመድረስ 10 ብቻ ነው የሚቀረው፤ ልጅዎ ግን ከ25 ስለሚጀምር 25 ይቀረዋል። የጨመረው 45 ሴኮንድ በአብዛኛው ይህ ነው።

ያ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ሳይቋረጥ ይወርዳል። 60 ያልፋል፣ 50 ያልፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ገና ስላልሞላ ልጁ ምንም አይሰማውም፤ እንዲያውም ደስ ደስ የሚል እርጋታ ሊሰማው ይችላል። ወደ 30 ሲጠጋ አንጎሉ ይጠፋል። ማዞር፣ መታፈን፣ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አይቀድመውም። ራሱን የሳተ ሰው የላይኛው አንጎል ስለማይሠራ ትንፋሽ የሚይዘው ፈቃድም አብሮ ይጠፋል፣ የአንጎል ግንዱም እንደ ልማዱ «ሳብ» ይላል። ደረቅ መሬት ላይ ቢሆን ይህ ያድነው ነበር። ሕፃናት በልቅሶ ብዛት ትንፋሽ ይዘው ከንፈራቸው ጠቁሮ የሚወድቁት፣ ወዲያውም ራሳቸው ተንፍሰው የሚነሡት በዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ግን የሚስበው ውሃ ነው።

የከንፈሩና የጣቶቹ መውረር ከዚሁ የመጣ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወርድ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፣ ነጻ የሆነው ካልሲየምም ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ነርቮች ያን ጊዜ ይቆጣሉ። ማዞሩ ደግሞ የአንጎል የደም ቧንቧዎች ስለሚጠቡ ነው። ተጨማሪ ኦክስጅን አገኘሁ ሲል አንጎሉ ጋር የሚደርሰውን ደም ራሱ ቀንሷል። ይህችን ነገር ለልጅዎ በተለይ ይንገሩልኝ፤ ወጣቶች ከሁሉም በላይ የምታሳምናቸው እርሷ ናት።

ጎንደር ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ይከብዳል። ከተማዋ ወደ 2,130 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 760 ወርዶ ወደ 590 ይሆናል። ኦክስጅን የትም ቢሄዱ የአየሩ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። በአየር ቧንቧ እርጥበት የሚይዘውን 47 ቀንሰን ብናሰላ፣ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ 150 ሲሆን እዚህ 114 ነው። የአየር ከረጢቶች ሲደርስ ባሕር ጠለል ላይ 100፣ እዚህ 70 ገደማ ይቀራል። ስለዚህ ልጅዎ የሚነሣው ከዝቅተኛ ስንቅ ነው፤ ወደ አደገኛው 30 ያለው መንገድም ያጥራል።

በዚህ ላይ የጥር ቅዝቃዜ አለ። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ መዋኛውን የሚሞላው ውሃ ጥር 11 ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ቆዳ ላይ ያሉት የቅዝቃዜ ነርቮች ሰውየውን ሳይፈቅድ «ህእ!» አሰኝተው እስከ 2 ወይም 3 ሊትር አየር ያስስቡታል። ያ ትንፋሽ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ እያለ ከመጣ የሚስበው ውሃ ይሆናል። ከዚያ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማለክለኩ አይቆምም። ቤት ውስጥ አንድ ደቂቃ ተኩል የያዘ ልጅ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ገና በገባበት ቅጽበት ሩቡን ያህል እንኳ መያዝ ሊያቅተው ይችላል። በሕዝብ መሃል፣ አንዱ በሌላው ላይ በሚዘልበት ቦታ ይህ ሲደርስ ማንም ላያይ ይችላል።

ልጅዎን ከበዓሉ ደስታ አያስቀሩት፤ እንዲህ ግን ያስተምሩት። ከመጥለቁ በፊት ሁለት የተረጋጋ ትንፋሽ ይበቃዋል፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ስቦ ይግባ። ከመዝለል ይልቅ እግሩን፣ ከዚያ ደረቱንና ፊቱን አርሶ፣ ትንፋሹ እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ውሃው ውስጥ በእግሩ ይቁም፤ ራሱን የሚያጠልቀው ከዚያ በኋላ ነው። መተንፈስ አለብኝ ሲል በዚያው ቅጽበት ይውጣ፤ ያንን ስሜት መታገል ጀግንነት ተደርጎ አይቆጠር። ሁለት ሆነው አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ይየው፤ ከወጣም በኋላ ለ30 ሴኮንድ ያህል ይጠብቀው፤ ከወጡ በኋላም ራስ መሳት ያጋጥማልና። ትንፋሽ የመያዝ ልምምድ ካስፈለገ ቤት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ይሁን።

አንድ ልጅ ከውሃ ራሱን ስቶ ቢወጣ፣ በእግሩ አንጠልጥሎ ማራገፍም ሆነ ሆዱን መጫን የለም፤ ጊዜ ያባክናል፣ ያስመልሰዋልም። ጀርባው ላይ አስተኝተው አገጩን ከፍ ያድርጉና ደረቱ ይነሣ እንደሆነ እስከ 10 ሴኮንድ ይመልከቱ። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ይዘው በአፍ አምስት ጊዜ ይንፉበት፤ በእያንዳንዱ ደረቱ ሲነሣ መታየት አለበት። ውሃ ላይ የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ስለሆነ ነው ትንፋሹ የሚቀድመው። ከዚያም መልስ ካልሰጠ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫኑ፤ 30 ጊዜ መጫን፣ ሁለት ጊዜ መንፋት፣ እርዳታ እስኪደርስ። ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ 907 ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ቢነቃም ሆስፒታል ይሂድ፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ሳልነግርዎት አላልፍም፤ የከሰል ጉዳይ ነው። ቅዝቃዜ ሲመጣ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሂሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ካሮቲድ አካል የምትለካው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ያ ደግሞ እንደነበረ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም አልተጠራቀመም። ስለዚህ ሁለቱም ጠባቂዎች ዝም ይላሉ፣ ሰውየው ሳይታፈን፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ተሰምቶት ይተኛና አይነሣም። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ጋዙን ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ «98» እያለ ያሳስታል። ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ በር ከፍቶ መውጣት ነው የመጀመሪያው ሥራ። ከሰሉ ፍም ብቻ ሆኗል፣ ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ዳገት። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የሚስቡት ኦክስጅን ወደ 137 ነው። አንድ ቀን ነድተው ጎንደር ሲደርሱ 114 ላይ ወረዱ። ካሮቲድ አካል ይህን ወዲያው ትለይና «ጨምር» ትላለች። ነገር ግን በብዛት ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርዳል፣ ደሙ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ የአንጎል ግንዱ ጠባቂም «ቀንስ» ይላል። አንዱ ነዳጅ እየረገጠ ሌላው ፍሬን ይይዛል። ይህን የሚፈታው ኩላሊት ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ባይካርቦኔት የተባለውን የአሲድ ማርከሻ በሽንት ያስወጣል፤ ፍሬኑ ይለቃል፤ በደቂቃ የሚተነፍሱት መጠን በአዲሱ ልክ ይረጋጋል። እርስዎ «ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይተወኛል» ያሉት የኩላሊትዎ ሥራ ነው። በእነዚያ ቀናት ዳገቱን በግማሽ ፍጥነት መውጣት፣ ከባድ ጭነት አለመሸከም ይበቃል።

ወደ ደባርቅና ከዚያ በላይ የሚወጡ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 አካባቢ፣ ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ። ከ3,000 በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባያሳድጉ፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ባሉበት ቢያርፉ መልካም ነው። ሌሊት ትንፋሽዎ እየጠለቀ ሄዶ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ቆሞ፣ እንደገና ሲጀምር አብሮዎት ያደረ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ያው የነዳጅና የፍሬን ትግል ነው፣ በራሱ አያሰጋም። ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ አረፋ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ፣ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተዎት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው፤ ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር።

የስሜን ደጋ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚችለው ሳይንስ ገና እየመረመረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 የስሜን ነዋሪዎችን መርምሮ የኦክስጅን መጠናቸው በአማካይ 95.3 በመቶ፣ ሂሞግሎቢናቸው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15 ግራም ሆኖ አገኘው። ይህ ቆላ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ግን ሂሞግሎቢናቸው በጣም ጨምሮ ነው የሚኖሩት። እርስዎና እኔ ያንን የደጋ ሰው አካል በሦስት ቀን አናገኘውም።

ትንፋሽ ማጠርን ሁሉ በከፍታ አያሳብቡ። የመተማ መንገድ የወባ አገር ነው። ወባ ቀይ የደም ሴልን ስለሚያፈርስ ደም ማነስ ያመጣል፣ ትኩሳቱም ራሱ ትንፋሽን ያፈጥናል። ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ ብርድ ብርድ ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የግራ ጎን እብጠት ካለ ደግሞ በዚያ አካባቢ ያለው ካላዛር የተባለ በሽታ መታየት አለበት። ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ነድተው አንድ እግርዎ ብቻ አብጦ እያመመዎት ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል አያድሩበት። ማታ ተንጋለው ሲተኙ የሚያፍንዎትና ትራስ ደርበው የሚሻልዎት ከሆነ ልብዎ ይታይ። እንደተለመደው በአራተኛው ቀን የሚተው ከሆነ ግን ኩላሊትዎ ሥራውን ጨርሷል፤ ሳምንት ካለፈው ይመርመሩ።